አንብበው ዝም ላሉት ሰው እንዴት ይጻፋል? ስለ አሳማኝ አጻጻፍ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ሰው አንብቦ እሺ የሚለው ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል? ማመልከቻ፣ የዕርዳታ ጥሪ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ፣ የተማሪ ድርሰት፣ ሁሉም ተነሥቷል። ረዘም ያለ መልስ የሚሻውን አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ፋይል የምንፈልገው በእጅ እየገለበጥን ስለሆነ ባለጉዳይ ይጉላላል። ስካነር እንዲገዛልን ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ እንዳነበቡት አውቃለሁ፤ እስካሁን ግን እሺም እምቢም አላሉኝም። መግቢያውን ልኬላችኋለሁ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ የላኩልን መግቢያ እንዲህ ይላል፦

«በመሥሪያ ቤታችን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ የመጣውን የሥራ ጫና ከግምት ውስጥ በማስገባት፣ እንዲሁም ዘመናዊ አሠራርን ከመዘርጋት አኳያ፣ በክፍላችን ያለው የሰነድ አያያዝ አሳሳቢ ደረጃ ላይ የደረሰ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት አስፈላጊውን ትኩረት እንዲሰጡበት በትህትና እንጠይቃለን።»

ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ አንብበው ሲጨርሱ ብዕራቸውን አንሥተው ምን ይጻፉበት? «ትኩረት ሰጥቻለሁ» ተብሎ አይፈረምም። «የሚመለከታቸው አካላት» ሲባልም እሳቸው ራሳቸው ይሁኑ ሌላ ሰው አይታወቅም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ለማንም አልተጻፈም ማለት ይቻላል። «አሳሳቢ» የሚለው ደግሞ እሳቸው ማስረጃውን አይተው ራሳቸው ሊደርሱበት የሚገባ ፍርድ ነው፤ እርስዎ ግን ማስረጃውን ገጽ ሦስት ላይ አስቀምጠው ፍርዱን አስቀደሙ። ስካነር የሚለው ቃል ራሱ የሚመጣው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።

ከመጻፍዎ በፊት በብጣሽ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ይሙሉ፦ «ሥራ አስኪያጁ ይህን አንብበው ሲጨርሱ … ያደርጋሉ።» በነጥቦቹ ቦታ የሚገባው በዓይን የሚታይ ድርጊት መሆን አለበት፦ ይፈርማሉ፣ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ወደ ግዥ ክፍል ይመሩታል። «ይረዱናል» ወይም «ያስቡበታል» ከሆነ የሞሉት፣ ገና ምን እንደሚፈልጉ አልወሰኑም፤ ደብዳቤውን አይጀምሩ። ቀጥሎ ከዚያች መስመር በታች፣ ሥራ አስኪያጁ እምቢ ቢሉ በልባቸው የሚሉትን አንድ ምክንያት ይጻፉ። ለእርስዎ ጉዳይ ግምታችን ይህ ነው፦ «ዛሬ መሣሪያ፣ ነገ ደግሞ የሚሠራበት ተጨማሪ ሰው ይሉኛል።» ይህን ስጋት የማይመልስ ደብዳቤ ስለ ዘመናዊነት አሥር ገጽ ቢጽፍ ከአንጀት ጠብ አይልም።

አሁን መግቢያውን እንደገና እንሞክረው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ በራስዎ መዝገብ ይተኳቸው።

«ለመዝገብ ክፍሉ አንድ ስካነር እንዲገዛ ፈቅደው ይህን ደብዳቤ ወደ ግዥ ክፍል እንዲመሩልን እንጠይቃለን። ባለፈው ወር ብቻ 64 ባለጉዳዮች ፋይላቸው በዕለቱ ስላልተገኘ በሌላ ቀን እንዲመለሱ ነግረናቸዋል። መሣሪያው ከተገዛ በብዛት የሚጠየቁትን የ3 ዓመት ፋይሎች በ4 ወር ውስጥ ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። ሥራውን አሁን ያለነው ሦስት ሠራተኞች ባለጉዳይ በሚቀንስባቸው የከሰዓት ሰዓቶች እንሠራዋለን፤ ተጨማሪ ሰው አንጠይቅም። የመሣሪያው ዝርዝርና የሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ተያይዟል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ድርጊቱን ይናገራል። ሁለተኛው ተቆጥሮ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይዟል፤ ሥራ አስኪያጁ ተጠራጥረው መዝገቡን ቢያስመጡ 64ቱን ያገኟቸዋል። «ነግረናቸዋል» የሚለውንም ይዩት። «እንዲመለሱ ተደርገዋል» ቢባል ማን እንዳደረገው ይጠፋል፤ አድራጊው ሲጠፋ ደግሞ አንባቢ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። አራተኛው ዓረፍተ ነገር በልባቸው ላለው ጥያቄ መልስ ነው። የመጨረሻው «ከየት ላጣራ?» የሚለውን ድካም ያስቀርላቸዋል።

ስለ ዓረፍተ ነገር ርዝመት አንድ ነገር። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «በመሆኑ»፣ «በማድረግ»፣ «ከ… አኳያ» እያልን ስንቀጥል አንባቢው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለተኛውን «በመሆኑ» ሲያዩ እዚያው አራት ነጥብ አድርገው ይቁረጡት። ከ25 ቃላት በላይ የሆነውን ሁሉ በጥርጣሬ ይዩት።

ሦስቱ ገጽ አንድ ገጽ ይሁን፤ የቀረው አባሪ ይሁን። ጥያቄውን ማስቀደም የማይሠራበት አጋጣሚም አለ። አንባቢው አስቀድሞ የሚቃወመው ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ጥያቄ ውድቅ አድርገውት ከሆነ፣ ሁለታችሁም በምትስማሙበት ችግር ይጀምሩና ካለፈው ወዲህ ምን እንደተለወጠ ይናገሩ። ያኔም ቢሆን ጥያቄው ከመጀመሪያው አንቀጽ አይውጣ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኢቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስ የሚባሉትን ተምረን ድርሰት ጻፍን። እኔ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንቀጽ ሰጠሁ፤ ያገኘሁት ውጤት ግን ዝቅተኛ ነው። ለምን?

መልስ፦ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ሦስቱን ሲለይ የተናጋሪውን ታማኝነት፣ የሰሚውን ስሜትና የነገሩን ማስረጃ የማሳመኛ መንገዶች ብሎ ነው እንጂ የድርሰት ክፍሎች ብሎ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ሊሸከም ይችላል፦ «ከወንዙ በየሳምንቱ ናሙና በወሰድንባቸው ስድስት ወራት፣ ልጆች በሚዋኙበት ዳርቻ ላይ ንጹሕ ሆኖ ያገኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።» ናሙናውን ማን እንደወሰደና በምን ያህል ትጋት፣ ማንን እንደሚነካ፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ ሁሉም አለበት።

ለአንቀጽ ከፋፍለው ሲጽፉት የስሜቱ አንቀጽ ልመና፣ የታማኝነቱ አንቀጽ ደግሞ ጉራ ይመስላል። አርስቶትል ሰሚ የሚያምነው ማስተዋል፣ መልካም ጠባይና በጎ ፈቃድ ያየበትን ሰው ነው ይላል። እነዚህ በወረቀት ላይ የሚታዩት «ታማኝ ነኝ» በማለት አይደለም። ዝርዝሩን ማወቅዎ ማስተዋልን ያሳያል፤ ሐሳብዎ የማይሠራበትን ቦታ ሳይደብቁ መናገርዎ ጠባይን፤ የአንባቢውን ድካም መቀነስዎ በጎ ፈቃድን።

ጥያቄ፦ የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስጠይቅ አምስት ስድስት ምክንያት እደረድራለሁ። ሲበዛ ይጠነክራል ወይስ ይላላል?

መልስ፦ ይላላል። አንባቢ ምክንያቶችን አይደምርም፤ ደካማውን መርጦ እሱን ይመታል፤ እሱ ሲወድቅ ጠንካራዎቹም አብረው ይወድቃሉ። ሁለት ውሃ የሚያነሡ ምክንያቶች ካሉዎት አራቱን ይጣሏቸው።

በዚሁ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚነገር አንድ ጥናት እናንሣ። ኤለን ላንገርና ባልደረቦቿ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ አንድ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያነሡ የተዘጋጁ ሰዎችን «አምስት ገጽ አለኝ፣ ላስቀድም?» ይላቸዋል። ምክንያት ሳይሰጥ ሲጠይቅ 60 በመቶው እሺ አሉት። «ስለምቸኩል» ሲል 94 በመቶ። «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል ምንም የማይጨምር ምክንያት ሲሰጥም 93 በመቶ። ከዚህ ተነሥተው ብዙ አሠልጣኞች «ማንኛውንም ምክንያት ስጥ፣ ይሠራል» ይላሉ። የጥናቱን ሌላ ግማሽ ግን ይተዉታል፦ ጥያቄው ወደ 20 ገጽ ከፍ ሲል ባዶው ምክንያት ከምንም አልተሻለም፤ ሁለቱም 24 በመቶ ሆኑ። እውነተኛው ምክንያት ግን 42 በመቶ አስገኘ። ትንሽ ነገር ሲጠየቅ ሰው በልማድ እሺ ይላል፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ሲሆን ግን ምክንያቱን ይመዝናል። የቀን ማራዘሚያ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ይጻፉ፣ እስካሁን የጨረሱትን ይግለጹ፣ አዲሱን ቀን ራስዎ ያቅርቡ። «የተወሰነ ጊዜ ቢጨመርልኝ» ካሉ የመቁጠሩን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡት።

ጥያቄ፦ የተቃዋሚዬን ሐሳብ በራሴ ጽሑፍ ውስጥ ባነሣ መሣሪያ ማቀበል አይሆንብኝም?

መልስ፦ አንሥተው ካልመለሱት ይሆናል። በዚህ ላይ የተሠሩ ብዙ ሙከራዎችን ዳንኤል ኦኪፍ በ1999 እ.ኤ.አ. አሰባስቦ ሲመረምር ያገኘው ይህንኑ ነው። ተቃራኒውን ሐሳብ አንሥቶ የሚመልስ ጽሑፍ አንድ ወገን ብቻ ከሚናገረው የበለጠ ያሳምናል፤ አንሥቶ ዝም የሚለው ግን አንድ ወገን ብቻ ከሚናገረውም ያነሰ ነው።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቦታ አለ። «አንዳንድ ግለሰቦች በእውቀት ማነስ የተነሣ…» ብሎ የሚጀምር ሰው ተቃዋሚውን አላነሣም፤ ሰደበው። መሐል ላይ ያለው አንባቢ ደግሞ ያን ሐሳብ በከፊል ይዞት ሊሆን ስለሚችል ስድቡን ለራሱ ይወስደዋል። ተቃዋሚው ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ የምለው ይህን ነው» በሚልበት መልክ ይጻፉት። ከዚያ እውነት የሆነውን ክፍል ይቀበሉና ከየት ጀምሮ እንደማይስማሙ ያሳዩ፦ «ሥልጠናው ሠራተኛውን ለሁለት ቀን ከሥራ ያስቀረዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በየሳምንቱ በስህተት ምክንያት ተመልሶ የሚሠራው ሥራ ሲደመር ከሁለት ቀን ይበልጣል።»

ቦታውም ይወስናል። ከዋናው ማስረጃ በኋላና ከመዝጊያው ጥያቄ በፊት ያስገቡት። መጨረሻ ላይ ካስቀመጡት አንባቢው ተቃውሞውን ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ የዕርዳታ ጥሪ ጽሑፎችን እጽፋለሁ። የችግረኞችን ብዛት በቁጥር ላሳይ ወይስ የአንድ ሰው ታሪክ ልጻፍ? ሁለቱንም ስጽፍ የተሻለ ይመስለኛል።

መልስ፦ አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ ይገምታል። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ከተሰጣቸው 5 ዶላር የወደዱትን ያህል እንዲለግሱ ተጠየቁ። የአንዲት ልጅ ፎቶና ታሪክ ብቻ ያዩት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ፤ ስለ ሚሊዮኖች የሚናገር አኃዝ ብቻ ያነበቡት 1.14። ሁለቱ አንድ ላይ የቀረቡላቸው ግን 1.43 ብቻ ነው የሰጡት። ለአንዲት ልጅ የተዘረጋው እጅ፣ «የኔ አምስት ዶላር ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ትሠራለች?» የሚል ስሌት ሲገባበት ወደ ኋላ ተሰበሰበ።

ስለዚህ ለግለሰብ ለጋሾች ሲጽፉ በአንድ ሰው ይጀምሩ፤ ይህ ልገሳ ለዚያ ሰው የሚለውጠውን ይናገሩ፤ መለገሻ መንገዱን እዚያው ያስቀምጡ። አኃዙን የሚፈልግ አንባቢ ከታች ያገኘዋል። የሚጽፉት ለገንዘብ ሰጪ ድርጅት ኮሚቴ ከሆነ ግን ይገልብጡት። ኮሚቴ የሚያወዳድረው ዕቅድን ከዕቅድ ስለሆነ ስንት ሰው፣ በስንት ወር፣ በምን ያህል ወጪ የሚለው ይቀድማል፤ ታሪኩ ለማሳያ ይገባል።

ታሪኩ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። ባለታሪኩ ጽሑፉን አይቶ ወይም ተነቦለት ይፍቀድ፤ ስም ከቀየሩ መቀየርዎን ይናገሩ። እንባ ስለሚያስፈስስ ብቻ ከመቶ አንዱን ለየት ያለ ጉዳይ አይምረጡ፤ ለጋሹ በኋላ የተለመደውን ሲያይ ተታለልኩ ይላል፤ ለሚቀጥለው ጥሪም ጆሮ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። «ከተማሪዎቻችን ግማሾቹ የተዋሱትን መጽሐፍ በጊዜ አይመልሱም! ይህ አሳፋሪ ነው! ከባድ ቅጣት ይጠብቃችኋል!» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ምንም ለውጥ የለም፤ እንዲያውም የባሰ ይመስለኛል።

መልስ፦ ብሶ ቢሆን አይገርምም። ተማሪው ከማስታወቂያዎ የሚያነበው «ግማሹ ሰው አይመልስም፤ እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለውን ነው። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በሚገኘው የድንጋይ ደን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ወደ ድንጋይ የተለወጠውን እንጨት ብዙ ጎብኚዎች እንደወሰዱት የሚናገር ማስታወቂያ በቆመበት መንገድ ላይ፣ ተመራማሪዎቹ ምልክት ካደረጉባቸው የእንጨቱ ስብርባሪዎች 7.92 በመቶው ተሰረቁ። ጎብኚዎች እንዳይወስዱ ብቻ የሚጠይቀው ማስታወቂያ በነበረበት ግን 1.67 በመቶ።

እውነትም አብዛኛው ተማሪ የሚመልስ ከሆነ እሱን ይጻፉ። ካልሆነ ስለ ብዛት ዝም ይበሉ፤ ሐሰተኛ ቁጥር ግን አይፍጠሩ፤ ተማሪዎች ጓደኞቻቸውን ያውቃሉ።

ስለ ማስፈራራቱ፦ ፍርሃት አሳብን ሊለውጥ ይችላል፤ እግርን ለማንቀሳቀስ ግን ብቻውን አይበቃም። በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው የሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ ሙከራ ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) በሽታ የሚያስፈራ ጽሑፍ አስነበበ። ጽሑፉን ብቻ ካገኙት ሄደው ክትባት የወሰዱት 3 በመቶ ገደማ ናቸው። የክሊኒኩ ቦታ በክብ ምልክት የተደረገበት ካርታና መቼ ሊሄዱ እንደሚችሉ እንዲያስቡበት የሚጠይቅ መመሪያ ሲጨመር 28 በመቶ ሆኑ። ተማሪዎቹ ክሊኒኩ የት እንዳለ ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ የጎደላቸው ቀንና ሰዓት መያዙ ነበር።

ማስታወቂያዎን እንዲህ ቢያደርጉትስ? «የተዋሳችሁትን መጽሐፍ በሩ አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ከ2፡00 እስከ 11፡00 ክፍት ነው፤ መሰለፍ አያስፈልግም። አንብባችሁ ካልጨረሳችሁ ቀኑ ከማለፉ በፊት ብትነግሩን አንድ ሳምንት እንጨምራለን።» ከመግቢያው ይልቅ ተማሪዎች ቦርሳቸውን በሚይዙበት መውጫ ላይ ይለጥፉት። ቅጣት ካለ መጠኑን በአንድ መስመር ከታች ይጻፉ፤ «ከባድ» የሚለውን ማንም አይፈራውም።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን ለማጠንከር «እጅግ በጣም»፣ «ፍጹም»፣ «ወደር የለሽ» እያልኩ እጽፋለሁ። አርታዒዬ ሁሉንም ይሰርዛቸዋል።

መልስ፦ አርታዒዎ ልክ ናቸው። «እጅግ በጣም ፈጣን አገልግሎት» ከሚል «ማመልከቻዎ በ20 ደቂቃ ውስጥ መልስ ያገኛል» ቢሉ ይሻላል። ቅጽሉን የሚተካ ቁጥር፣ ጊዜ ወይም ድርጊት ካላገኙ ምናልባት የሚሉት ነገር የለም። «የመጨረሻ ዕድል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ነገም ዕድሉ ካለ አንባቢ ከዚያ በኋላ የሚጽፉትን ቀን ሁሉ አያምንም።

ጥያቄ፦ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከመላኬ በፊት ምን ልመርምር? ከላኩ በኋላስ ዝም ከተባልኩ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጅዎ ሸፍነው ከሁለተኛው ጀምረው ያንብቡ። ምንም ካልጎደለ የመጀመሪያው እንቶ ፈንቶ ነበር፤ ያውጡት። ከዚያ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ይቆረጥ። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ይስጡትና በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱን ተቀብለው «ምን አድርግ ተባልክ?» ብለው ይጠይቁት። «ጥሩ ነው» የሚል መልስ አይጠቅምዎትም። ድርጊቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልነገረዎት ስህተቱ የአንባቢው አይደለም። ቁጥሮችንና የሰው ስም ለብቻ፣ ሌላ ነገር ሳይመለከቱ ይመርምሩ፤ የተቀባዩን ስም ወይም ማዕረግ የሳተ ደብዳቤ በቀረው ሁሉ ይጠረጠራል።

ዝም ከተባሉ ከሳምንት ገደማ በኋላ አጭር ማስታወሻ ይላኩ፤ ሙሉውን ደብዳቤ አይድገሙት። «እስካሁን መልስ አልሰጡንም» የሚለው ወቀሳ ስለሆነ ሰውየው መልስ ከመስጠት ይልቅ ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል። መልሱን ያቅልሉለት፦ «ባለፈው ሳምንት ስለ ስካነሩ ግዥ የጻፍኩልዎትን በተመለከተ፣ ለመወሰን የሚጎድል መረጃ ካለ ዛሬውኑ አቀርባለሁ። አሁን የማይቻል ከሆነም ቢነግሩኝ ለሚቀጥለው በጀት አዘጋጀዋለሁ።» ይህን ያነበበ ሰው «አሁን አይቻልም» ብሎ ቢመልስ እንኳ ጥያቄው የሚቀጥለው በጀት ውስጥ ቦታ ይዟል።